ግግር ላይ ሰፊ ስኪ፦ የቱን እንግዛ? እንዴትስ እንሳለው?

(የስኪ ወቅት ከመግባቱ በፊት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከጥቂት ማስተካከያ በቀር እንደተነገረው ቀርቧል። ስኪ በረዶ ላይ ለመንሸራተት ከጫማ ሥር የሚታሰር ጥንድ ረጅም ጣውላ ነው።)

እንደምን አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በሥራ ቀን፣ በዚህ ብርድ፣ ከአሌክሳንድሪያም ከባልቲሞርም መንገድ አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ፤ ደስ ይላል። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል፤ ጥሩ።

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ጥያቄ ነው። ወገቡ ሰፋ ያለው፣ «ኦል ማውንቴን» የሚባለው፣ ተራራውን ሁሉ ያዳርሳል ተብሎ የሚሸጠው ስኪ፣ እኛ በምንሄድበት ረግቶ በደነደነ በረዶ፣ በግግሩ ላይ ይሆናል ወይ? ይሆናል ካልን የቱ? ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ ግግሩ ከየት እንደሚመጣ፣ ሁለተኛ ስኪው፣ ሦስተኛ የስኪው የብረት ጠርዝ። ጠርዙ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሲያበቃ የሚቸገረው እዚያ ነውና።

ከሁሉ በፊት ግን ቃላችንን እንለይ። በአማርኛ በክረምት ጣሪያውን የሚደበድበውም በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው፤ እንደ ጥጥ ተባዝቶ የሚወርደውም በረዶ ነው። እርስ በርስ ስንመካከር «ይህ ስኪ ለበረዶ ጥሩ ነው» እንባባላለን። ለየትኛው በረዶ? ዛሬ ማታ ለስላሳውን ጥጥ በረዶ፣ ረግቶ ድንጋይ የሆነውን ግግር እንበለው። ሰፊ ስኪ ከሥረ መሠረቱ የተሠራው ለጥጥ በረዶ ነው፤ እንዳይሰምጥ። እኛ ደግሞ የምንሄደው ግግር ላይ ነው። የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ይኸው ነው።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ኮሎራዶና ዩታ ከባሕር የራቁ፣ ከፍታቸው ትልቅ የሆነ ቦታዎች ናቸው፤ በረዷቸው ደረቅና ቀላል ነው። እዚህ ምሥራቁ ላይ ግን ዛሬ ይጥላል፣ ነገ ይዘንባል፣ ከነገ ወዲያ ሌሊት ሁሉም ይረጋል። ቀልጦ የረጋ በረዶ ጥጥነቱ ያበቃለታል። በዚያ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆኑት፣ ፔንስልቬንያ ያሉት ኋይትቴይል፣ ሊበርቲና ራውንድቶፕ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ያለው ዊስፕ፣ አብዛኛው በረዷቸው በማሽን የሚረጭ ነው። ማሽኑ ውሃውን በጣም ደቃቅ ጠብታ አድርጎ አየር ላይ ያረጋዋል። ስለዚህ የሚወድቀው ቅርንጫፍ ያለው አበባ ሳይሆን ድቡልቡል ፍሬ ነው፤ እንደ ጤፍ እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። አንድ ሜትር ኩብ አዲስ የወረደ ደረቅ ጥጥ በረዶ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል። በማሽን የተረጨው ከ400 እስከ 500 ኪሎ ነው። ልዩነቱ ይታያችሁ!

ጠዋት ለምን ጥሩ ሆኖ ቀትር ላይ እንደሚያንሸራትትም ከዚህ ይገባናል። ሌሊት ማሽን ያበጥረዋል፤ ጠዋት ላዩ የተፈጨ ነው፣ የደነዘ ጠርዝም ቢሆን ይይዘዋል። ከሰዓታት በኋላ በመቶ የሚቆጠር ሰው ያንን የተፈጨ ሽፋን እየፋቀ ወደ ዳርና ወደ ታች ይገፋዋል፤ መሀሉ ላይ የሚያብረቀርቀው ግግር ይቀራል። ስለዚህ አንድ ስኪ ጠዋት ላይ ተሞክሮ «ይይዛል» ቢባል ምንም አልተመሰከረለትም። ስኪ የምትሞክሩ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ ከቀትር በኋላ፣ መሀሉ ላይ ሞክሩት!

ወደ ሰሜን ቬርሞንትና ኒው ዮርክ ከወጣችሁ ተራራው ይረዝማል እንጂ ግግሩ አይቀርም። ሌክ ፕላሲድ አጠገብ ያለውን ኋይትፌስን የሚያውቁት ሰዎች «አይስፌስ» እያሉ ይጠሩታል፤ የግግር ፊት ማለት ነው። የ1980 የክረምት ኦሎምፒክ ቁልቁለት ውድድር የተካሄደው እዚያ ነው። ሌክ ፕላሲድን ካነሳን ሮቤል ተክለማርያምን ሳናነሳ አናልፍም፤ ልጅ እያለ በረዶ ላይ መሄድ የተማረው በዚያ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሎምፒክ የተሰለፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ልጆች፣ ይህን ስም ያዙት። የእሱ ስኪ ግን የአገር አቋራጭ ስኪ ነው፤ ወገቡ 44 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የብረት ጠርዝም የሌለው፣ ተረከዙ የሚነሳ። ዛሬ ከምንነጋገርበት ጋር ስሙ እንጂ ሥራው አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ስኪው።

ስኪ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ፦ የፊቱ ስፋት፣ የወገቡ ስፋት፣ የጅራቱ ስፋት። መሀለኛውን ያዙ። ለተበጠረ ተዳፋት የሚሠራው ከ65 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ኦል ማውንቴን የሚባለው ከ85 እስከ 100፤ ሰፊ ኦል ማውንቴን ስንል ከ95 እስከ 105 ያለው ነው። ከዚያ በላይ ያለው የጥጥ በረዶ ስኪ ነው። የስላሎም፣ ማለትም በተተከሉ ዘንጎች መሀል የመጠማዘዝ፣ ተወዳዳሪዎች የሚወርዱት ሆን ተብሎ ውሃ ጠጥቶ በረጋ መንገድ ላይ ነው፤ የሚጫሙት ስኪ ወገቡ 65 አካባቢ ነው። ለምን ይመስላችኋል? ሰፊ መግዣ አጥተው ነው?

ምክንያቱ ይህ ነው። ስኪውን በጎኑ ስታቆሙት ግግሩን የሚነካው የውስጥ ጠርዙ ብቻ ነው። የእናንተ ሸክም ግን የሚወርደው በጫማው መሀል ነው። ወገቡ 66 ከሆነ ከጫማው መሀል እስከ ጠርዙ 33 ሚሊ ሜትር አለ። ወገቡ 100 ከሆነ 50 ይሆናል። ሸክሙ ያው ነው፤ ክንዱ በግማሽ ረዘመ። ጎማ ስትፈቱ የመፍቻው እጀታ በረዘመ ቁጥር ብሎኑ አይቀላችሁም? እዚህ ያው ጉልበት በተቃራኒው ይሠራል፤ ስኪውን መልሶ መሬት ላይ ሊያስተኛው ይታገላል። ያንን የሚቋቋመው ምንድን ነው? ቁርጭምጭሚታችሁና ጉልበታችሁ ነው። ጥጥ በረዶ ላይ ስኪው በጥቂቱ ስለሚሰምጥ ከሥር ሙሉ ድጋፍ ያገኛል፤ ይህ ትግል የለም። ግግር ላይ ግን እያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ አለ። ማታ ጉልበታችሁን በውስጥ በኩል የሚያማችሁ ሰዎች የስኪያችሁን መሀለኛ ቁጥር እዩት።

ታዲያ ሰፊ ስኪ ግግር ላይ ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው? አይደለም። ይሆናል፣ ግን አሠራሩ ሲያግዘው ነው። እዚህ ላይ ብረት ይመጣል።

የዚህ የብረት ነገር መነሻው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ባልቲሞር ነው። ሃዋርድ ሄድ የሚባል ሰው ግሌን ማርቲን በሚባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ስቶው፣ ቬርሞንት ሄዶ በእንጨት ስኪ ተንሸራተተና አልወደደውም። አውሮፕላን የሚሠራበትን ዘዴ፣ በሁለት ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ መሀል ቀላል ነገር ማጣበቅን፣ ለስኪ አዋለው። የመጀመሪያዎቹ ተሰበሩ። ደጋግሞ ሠራ፣ ደጋግሞ ተሰበረ፤ የእንጨት እምብርትና የብረት ጠርዝ ጨምሮበት እ.ኤ.አ. በ1950 «ሄድ ስታንዳርድ» የተባለውን ለገበያ አወጣ። ዛሬ የምንገዛው ጥሩ ስኪ በመሠረቱ የዚያው ልጅ ነው፤ እምብርቱ እንጨት፣ ከላይና ከታች ታይታናል። ታይታናል ስሙ ታይታኒየም ይመስላል እንጂ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

ብረቱ ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ ስኪው እንዳይጠማዘዝ ይይዘዋል። ሁለተኛ ንዝረቱን ይውጣል፤ ግግር ላይ የሚንቀጠቀጥ ስኪ በያንዳንዱ ንዝረት ጠርዙን ከግግሩ ላይ ያነሳል፣ ያኔ መያዝ አይችልም። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትሹት፦ ጅራቱን በጉልበቶቻችሁ መሀል አጥብቃችሁ ያዙ፣ ጫፉን በሁለት እጅ ጨብጡና የታጠበ ጋቢ እንደምትጨምቁ ጠምዝዙት። በቀላሉ ከዞረላችሁ አስቀምጡት። ግግር ላይም እንዲሁ ይዞራል፤ ከእግራችሁ ሥር ያለው ጠርዝ ቆሞ ጫፉ ይተኛል። መታጠፍና መጠማዘዝ ግን ይለያያሉ፤ በርዝመቱ እንደ ቀስት ቢለመጥ ችግር የለውም፣ እንዲያውም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ክብደታችሁን አትርሱ። ሁለት ሙሉ የብረት ንጣፍ ያለው ስኪ 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ጣውላ ነው፤ አይለመጥለትም፣ ካልተለመጠ ደግሞ አይታጠፍም። ቀለል ያላችሁ ብረቱ በከፊል ብቻ የገባበትን ፈልጉ። ለልጆችማ ሰፊም ብረትም አትግዙ፤ ከ70 እስከ 80 ያለው ይበቃቸዋል።

ከብረቱ ቀጥሎ ቅርጹ ነው። ካምበር የምንለው ስኪው መሬት ላይ ሲቀመጥ ከወገቡ ብድግ የሚለው ነው፤ ስትቆሙበት ተጭኖ ጠርዙን በሙሉ ያሳርፋል። ሮከር ደግሞ ጫፉና ጅራቱ ገና ከሩቁ ወደ ላይ ማለታቸው ነው። ሮከሩ በረዘመ ቁጥር ግግሩን የሚነካው ጠርዝ ያጥራል። አለካኩ ቀላል ነው። ሁለቱን ስኪዎች ታችና ታች ገጥማችሁ ወገባቸው እስኪነካካ ጭመቋቸው። ከፊት በኩል አንድ የባንክ ካርድ በመሀላቸው አስገቡና እስኪቆም ወደ ወገቡ ግፉት፤ ምልክት አድርጉ። ከኋላም እንዲሁ። በሁለቱ ምልክቶች መሀል ያለው ነው የምትቆሙበት ስኪ። 180 ሳንቲ ሜትር ተብሎ ተሸጦ የሚሠራው 120 ብቻ ከሆነ፣ ግግር ላይ በ120 እየሄዳችሁ ነው። 140 አካባቢ የሆነውን ምረጡ። ከወገቡ ሥር ጭራሽ ካምበር የሌለውን ግን ለዚህ አካባቢ አትግዙ።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። የመታጠፊያው ራዲየስ ከ15 እስከ 18 ሜትር ይሁን። ርዝመቱ ከአገጭ እስከ ግንባር ባለው ውስጥ ይውደቅ፤ ሮከሩ ረጅም ከሆነ ወደ ግንባር ተጠጉ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያይዘው ባይንዲንግ ላይ ያለው፣ ስኪው ሲወልቅ የሚያቆመው ፍሬን ቢያንስ የወገቡን ያህል፣ ቢበዛ 15 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ይሁን፤ ከዚያ ከሰፋ ስኪውን በጎኑ ስታቆሙ ግግሩን ይጭራል። ባይንዲንጉ ስትወድቁ ጫማውን የሚለቅበትን ቁጥር ራሳችሁ አትንኩ፤ ክብደታችሁን፣ ቁመታችሁን፣ ዕድሜያችሁንና የጫማችሁን ርዝመት አይቶ የሚያስተካክል ሠልጣኝ ባለሙያ አለ።

እሺ፣ ቁርጡን ንገረን ትሉኛላችሁ። እንዲህ ነው። በዓመት አሥር ቀን ብትንሸራተቱና ስምንቱ ፔንስልቬንያ ከሆነ፣ ወገቡ 88 የሆነው ይበቃችኋል። እንደ ብሊዛርድ ብራህማ 88 እና ቮልክል ኬንዶ 88 ያሉት ብረት ያላቸው ናቸው። ወደ ቬርሞንት የምትመላለሱ፣ ከተበጠረው ወጥታችሁ ዛፍ መሀል የምትገቡ ከሆነ፣ ከ94 እስከ 97 ድረስ ሂዱ፤ ኖርዲካ ኤንፎርሰር 94፣ ቮልክል ማንትራ 96 እዚህ ውስጥ ናቸው። ከ100 በላይ ያለው ግን ኮሎራዶ ላለ ሰው ነው። ዴንቨር ያለ ዘመዳችሁ 104 ገዝቶ ቢያመሰግን እውነቱን ነው፤ ለእሱ ይሆናል። የሰው ወርቅ አያደምቅም! በዓመት አንድ ሳምንት ወደ እሱ ስትሄዱ እዚያው ሰፊ ተከራዩ።

ጫማውን በርዕሱ አላስገባሁትም፤ ግን ሳልናገር ብቀመጥ ስህተት ነው። የሚላላ ጫማ ካላችሁ የስኪው ጉዳይ ገና አልደረሰም። እግራችሁ ጫማው ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ፣ ጉልበታችሁን ያዘነበላችሁት ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። የውስጡን ለስላሳ ክፍል አውጥታችሁ ባዶውን ቅርፊት በእግራችሁ ግቡበት፤ ጣቶቻችሁ ፊቱን ነክተው ከተረከዛችሁ ኋላ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ እስከ ሁለት ጣት፣ ይግባ። ሦስት ጣት ከገባ ይሰፋችኋል። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ፣ ጫማውን ግዙ፣ ስኪውን ተከራዩ።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ጠርዙ። ይኸው ሞርሳው ላይ ያሰርኩት ስኪ ወገቡ 94 ነው። ከፊት ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ልጆችም ኑ። ይህች የምታብረቀርቀው መስመር ወደ 2 ሚሊ ሜትር ትወፍራለች። ግግር ላይ የሚያቆማችሁ ይህች ናት። የደነዘ ቢላ ቁርጥ ላይ ምን ያደርጋል? ይንሸራተታል፤ ስትጫኑት ሥጋውን ያበላሸዋል። ስኪውም እንደዚያ ነው። የደነዘ 75 ከተሳለ 95 ያንሳል፤ ይህን ያዙልኝ፣ የደነዘ 75 ከተሳለ 95 ያንሳል!

ጠርዙ ሁለት ፊት አለው፤ የታችና የጎን። ሁለቱም በጥቂቱ ይዘነብላሉ። የተለመደው ታቹ 1 ዲግሪ፣ ጎኑ 2 ዲግሪ ነው፤ ስለቱ 89 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። ለግግር ጎኑን 3 አድርጉት፣ ስለቱ 88 ይሆናል። ሞረዱን በልኩ አዘንብሎ የሚይዘው መምሪያ ላይ ግን 88 ወይም 87 ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ 88 ማለት የጎን 2፣ 87 ማለት የጎን 3 ነው፣ አትደናገሩ። 3 ዲግሪ ይይዛል፣ ግን ቶሎ ይደነዝዛል፤ በየጊዜው የማትስሉ ከሆነ 2 ላይ ቆዩ።

የታቹን በቤት አትሞርዱት። ለምን? ጎኑን ብታበላሹ እንደገና ሞርዳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ታቹ ከ1 ወደ 2 ዲግሪ ከዘነበለ ግን ብረት መልሳችሁ መለጠፍ አትችሉም፤ ያለው መድኃኒት ሙሉ ታቹን በማሽን ማስፋቅ ነው፣ ያም በተደረገ ቁጥር የጠርዙ ዕድሜ ያጥራል። ታቹ በብዙ የዘነበለ ስኪ ግግር ላይ በጎኑ ስታቆሙት መጀመሪያ ይንሳፈፋል፣ ዘግይቶ በድንገት ይይዛል። ሰው ይህን አያውቅምና «ስኪው አይረባም» ብሎ ይሸጠዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፍሬኑን በወፍራም ላስቲክ ወደ ኋላ እሰሩ። ጠርዙን በጨርቅ ጥረጉ። ድንጋይ የመታው ቦታ ካለ መጀመሪያ እዚያ ላይ ባለ 100 ቁጥር የአልማዝ ድንጋይ አስኪዱ፤ ምቱ ብረቱን ያጠነክረዋል፣ ሞረድ ብታሳርፉበት ሞረዱ ነው የሚደነዝዘው። ከዚያ ይህንን ጥቁር ማርከር ጎኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጅራት ቀቡ። ሞረዱን ከመምሪያው ጋር አጣብቃችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሳቡ፤ ወዲያ ወዲህ እንደ መጋዝ አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ። አሁን እዩት፤ ጥቁሩ ከላይ በኩል ጠፍቶ ከታች በኩል ቀርቷል። ስለቱ ገና አልተነካም ማለት ነው። ቀለሙ በሙሉ እስኪነሳ ቀጥሉ። ሞረዱ ብረት ሳይሆን ነጭ የፕላስቲክ ብናኝ እያነሳ ከሆነ፣ ከጠርዙ በላይ ያለው የጎን ፕላስቲክ አውጥቷል፤ መጀመሪያ እሱ ይላግ።

ሞረዱ ሲያልፍ ከታች በኩል በዓይን የማትታይ ቀጭን የብረት ከንፈር ትተርፋለች። ጣታችሁን ከታቹ ወደ ውጭ በቀስታ ብታሳልፉ ትያዛችኋለች። እሷን ስለት ነው ብሎ የሚተዋት ሰው ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው መውረጃ ላይ ትነክሳለች፣ በሁለተኛው ትሰበርና ጠርዙን ሸራርፋ ትሄዳለች። ስለዚህ ጎኑን በ200፣ ቀጥሎ በ400 የአልማዝ ድንጋይ፣ በውሃ እያረጠባችሁ አለስልሱ፤ ከዚያ ታቹን አንድ ጊዜ ብቻ በደቃቁ ድንጋይ፣ በ1 ዲግሪ መምሪያ፣ ሳትጫኑ አሳልፉ። መሳሉን የምታረጋግጡት በጥፍራችሁ ነው። የጥፍራችሁን ጀርባ ጠርዙ ላይ አሻግራችሁ ሳቡ። ይኸው፣ ነጭ ዱቄት አነሳ! ዱቄት ካላነሳ አልተሳለም።

ይህን ሁሉ በየሳምንቱ አታደርጉም። ሞረድ በአንድ የስኪ ወቅት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል። የ400 ድንጋይ ግን ግግር ላይ በዋላችሁ ቁጥር ማታውኑ አምስት ደቂቃ አስኪዱበት። ስኪውን መኪና ጣሪያ ላይ ጭናችሁ ስትመለሱ የመንገድ ጨው ይረጭበታል፤ ቤት ስትገቡ በንጹሕ ውሃ አጥቡና አድርቁት። እርጥቡን ከረጢት ውስጥ ዘግታችሁ ብታሳድሩት ጠዋት ቀይ ዝገት ታገኛላችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አዲስ ስኪ ስትገዙ «ከፋብሪካ ተስሎ መጥቷል» ይሏችኋል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ታቹ ላይ በአግድም አቁማችሁ በመብራት አቅጣጫ ተመልከቱ። መሀሉ ላይ ብርሃን ካለፈ ጠርዞቹ ከታቹ ከፍ ብለዋል፤ ስኪው ይነክሳል፣ አልዞርም ይላል። በዳሩ ካለፈ ታቹ አብጧል፤ ይዋልላል፣ አይዝም። ሁለቱም ግግር ላይ ይጥላችኋል። ከመክፈላችሁ በፊት አስተካክሉልኝ በሉ።

ማስመሪያው እዚህ አለ፣ መብራቱም አለ። ስኪ ይዛችሁ የመጣችሁ በዚህ በኩል ተሰለፉ፤ ፍሬኑን ከወዲሁ በላስቲክ እሰሩት፣ ላስቲክ ሣጥኑ ውስጥ አለ። የልጆቹን አስቀድመን እናያለን።